ወለምታ፣ በረዶና ወጌሻ፦ ለእብጠትና ለሕመም ሰበብ ስናደርስ



ውድ እህት ወንድሞቻችን፣ ኳስ ሜዳው፣ የክረምቱ ጭቃና የዶርም ደረጃ በየሴሚስተሩ አንድ ሁለት ቁርጭምጭሚት ሳይወስዱ አያልፉም። አንድ ልጅ እግሩ ሲታጠፍ ከአጠገቡ ያለን ሁላችንም ሐኪም እንሆናለን። አንዱ “በረዶ አምጡ” ይላል፤ ሌላው “ሙቅ ውሃና ጨው ነው መድኃኒቱ” ይላል፤ ሦስተኛው የወጌሻ ስልክ ይፈልጋል፤ አራተኛው “ሒጃማ ሱና ነው፣ እዚያው እብጠቱ ላይ ይደረግለት” ይላል። አራቱም የሚናገሩት ከደግነት ነው። እግሩ ግን አንድ ብቻ ነው።

ለዓረፋ አገና ስንገባ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። እዣ ደጋ ነው፤ መንገዱ ዳገት ቁልቁለት፣ ክረምቱ አንሸራታች ነው። በየቤቱ ፍሪጅ የለም። የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚያውቁት፣ ለብዙ ዘመን ሲያገለግላቸው የኖረው ወጌሻ ነው። ስለዚህ የተጎዳ ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው እጅ የሐኪም ላይሆን ይችላል።

አብዛኛው ወለምታ በራሱ ጊዜ የሚድን መሆኑ አልሐምዱሊላህ ትልቅ እዝነት ነው። ችግሩ ያለው ጥቂቱ ላይ ነው። ስብራት ወለምታ መስሎ ሲታሽ፣ ያበጠ እግር በቀርከሃ ስንጥር ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር፣ አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ እግሩን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እብጠት ምን እንደሆነ፣ ቅዝቃዜ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ፣ ወጌሻ፣ ሒጃማና ቅባት የቱ ጋ ቦታ እንዳላቸው፣ የቱ ጋ ደግሞ ሩጠን ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለብን በቅደም ተከተል እናያለን።

መታከም ከተወኩል ጋር አይጋጭም

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንለይ። ኡሳማ ኢብን ሸሪክ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ገጠሬ ዐረቦች መጥተው “እንታከም ወይ?” ብለው ሲጠይቁ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዲታከሙ አዘዋቸዋል፤ አላህ ከእርጅና በስተቀር መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም ነግረዋቸዋል። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ሰበብ ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው፤ ሽፋው ከአላህ ነው። የትኛው ሰበብ ለየትኛው ጉዳት እንደሚሆን ማወቅም ከሰበቡ አንዱ ክፍል ነው።

እብጠቱ ከየት መጣ?

ወለምታ የሚባለው አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ከልኩ በላይ ሲለጠጥ ወይም ሲበጠስ ነው። በቁርጭምጭሚት ላይ አብዛኛውን ጊዜ እግር ወደ ውስጥ ይታጠፍና በውጭ በኩል ያለው ጅማት ይጎዳል። ከጅማቱ ጋር ጥቃቅን የደም ሥሮች ይቀደዳሉ፤ ደም ወደ ዙሪያው ይፈሳል፤ በኋላ ቆዳው የሚበልዘው ለዚህ ነው። በዚያው ቅጽበት ሰውነት የማስጠንቀቂያ ኬሚካሎችን ይለቃል። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸው ፈሳሽ ማሳለፍ ይጀምራል፣ የተጎዳውን ሥጋ የሚያጸዱና የጥገናውን ሥራ የሚያስጀምሩ ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሳሉ። ይህ ብግነት ይባላል። ቦታው የሚቀላው፣ የሚሞቀው፣ የሚያብጠውና የሚያመው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ ብግነት ጥገናውን የሚጀምረው ቡድን ነው እንጂ ጠላት አይደለም። የእኛ ሥራ ከልኩ እንዳያልፍ መርዳት ነው።

የምሕንድስና ተማሪዎች ስለሆንን አንድ ስሌት እንጨምር። ከልባችን እስከ ቁርጭምጭሚታችን 1.2 ሜትር ያህል ነው እንበል። ቆመን ሳለ ያ የደም ዓምድ በእግራችን ላይ የሚያሳርፈው ተጨማሪ ግፊት 12 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይሆናል፤ በደም ግፊት መለኪያ ቋንቋ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ማለት ነው። የጤነኛ ሰው የላይኛው የደም ግፊት 120 አካባቢ መሆኑን ካስታወስን ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ሥሩ በተቀደደና በሚያፈስ እግር ላይ ይህን ሁሉ ግፊት ጭነን “ለምን አበጠ?” ማለት አንችልም። ጋደም ብለን እግራችንን ትራስ ላይ፣ ከልባችን ከፍ አድርገን ስናስቀምጠው ያ ዓምድ ይጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ገንዘብ አይጠይቅም፤ መጋደምና እግርን ከፍ ማድረግ ነው።

ቅዝቃዜ ምን ይሠራል?

ቅዝቃዜ ዋና ሥራው ሕመም መቀነስ ነው። ነርቭ ሲቀዘቅዝ መልእክት የሚያስተላልፍበት ፍጥነት ይወርዳል፤ ስለዚህ የሕመሙ ዜና ወደ አእምሮ የሚደርሰው ተዳክሞ ነው። የደም ሥሮችም ለጊዜው ይጠባሉ፤ ይህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚፈስሰውን ሊቀንስ ይችላል።

በረዶ ከቀዝቃዛ ውሃ ለምን ይበልጣል? 1 ኪሎ በረዶ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲቀልጥ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይወስዳል። ይህ ሙቀት 1 ኪሎ ውሃን በ80 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ከዚህም በላይ በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ከ0 አይነቃነቅም። ውሃ በአገና ደጋ ላይ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ በረዶ ግን አገናም ሆነ ወልቂጤ የሚቀልጠው በዚያው በ0 ዲግሪ ነው። አላህ በአንዲት ላስቲክ ውስጥ ሊያዝ የሚችል አስተማማኝ የሙቀት መቆጣጠሪያ ሰጥቶናል ማለት ነው።

ከዚህ ሦስት ተግባራዊ ትምህርቶች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ በረዶውን ከጥቂት ውሃ ጋር ቀላቅሎ ላስቲክ ውስጥ ማሰር ይሻላል። ደረቅ በረዶ በመሃሉ አየር ይይዛል፤ አየር ደግሞ ሙቀት አያስተላልፍም። ውሃው ክፍተቱን ይሞላና ከእግሩ ቅርጽ ጋር ይገጥማል።

ሁለተኛ፣ በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም። ከፍሪዘር የወጣ ነገር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል። በመሃሉ ስስ እርጥብ ጨርቅ ይደረግ።

ሦስተኛ፣ ጊዜው ይገደብ። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ ቆዳው ወደ ሙቀቱ እስኪመለስ ይቆይና በ2 ሰዓት ልዩነት ይደገማል። ቁርጭምጭሚት ላይ ስብ ስለሌለ ቅዝቃዜው ቶሎ ይደርሳል፤ ጭን ግን ትንሽ ረዘም ይፈልጋል። በረዶ እግር ላይ አስሮ መተኛት ፈጽሞ አይገባም። በስኳር በሽታ ምክንያት እግሩ የደነዘዘ፣ የደም ዝውውሩ የደከመ ወይም ቆዳው ለቅዝቃዜ የሚቆጣ ሰው በረዶ አይጠቀም።

በረዶ በሌለበት

አገና ላይ በረዶ ከየት ይመጣል? ለስላሳ የሚሸጥ ሱቅ ፍሪጅ አለው። ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ከፍሪዘሩ ካለ በጨርቅ ጠቅልሎ መጠቀም ይቻላል። ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስም ለ15 ደቂቃ ያገለግላል። እሱም ከሌለ የምንጭ ውሃ አለ። እግርን በቀዝቃዛ ውሃ ባልዲ ውስጥ መንከር ከምንም ይሻላል።

ሌላ መንገድ ደግሞ አለ። ስስ ሽርጥ ወይም ነጠላ በውሃ ነክረን ጨምቀን እግሩ ላይ አልብሰን ብናራግበው፣ የሚተነው ውሃ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። 1 ኪሎ ውሃ ከቆዳ ላይ ሲተን ወደ 2,400 ኪሎ ጁል ይወስዳል፤ ከበረዶ መቅለጥ 7 እጥፍ ማለት ነው። ትነት ቀርፋፋ ስለሆነ እንደ በረዶ አያደነዝዝም፤ ግን ያሳርፋል። ስታዲየም ውስጥ የቡድኑ ወጌሻ ሮጦ ገብቶ በተጎዳው ተጫዋች እግር ላይ የሚረጨው ስፕሬይም የሚሠራው በዚሁ በትነት ሕግ ነው። ተጫዋቹ ተነስቶ ሲሮጥ ስናይ “ዳነ” እንላለን። የዳነ ነገር የለም፤ ሕመሙ ለጥቂት ደቂቃ ተደብቆ ነው።

ሙቅ ውሃና ጨውስ? ሙቀት የደም ሥር ያሰፋል። አዲስ ጉዳት ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት፣ ሙቀትና ማሸት እብጠቱን ይጨምራሉ። ሙቀት ቦታው ያለው በኋላ ነው፤ እብጠቱ ቆሞ እግሩ ሲገተር፣ ወይም ለቆየ የወገብና የአንገት ሕመም።

ሳይንሱም ሐሳቡን ይቀይራል

እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን በስፖርት ሕክምና መጽሐፉ አራት ነገሮችን አንድ ላይ አስተዋወቀ፦ ዕረፍት፣ በረዶ፣ በፋሻ መጠቅለልና እግርን ከፍ ማድረግ። ዓለም ሁሉ ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን ራሱ ሚርኪን በረዶና ፍጹም ዕረፍት መዳንን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጻፈ። ምክንያቱ ከላይ ያየነው ነው፦ ብግነት ጥገናውን የሚጀምር ስለሆነ ከልክ በላይ ብናቀዘቅዘው ጠጋኙን ቡድን ከበር እንመልሰዋለን። ዛሬ ባለሙያዎች የሚሉት ሚዛናዊ ነው። በረዶ ለሕመም ማስታገሻ በመጀመሪያው ቀን ወይም ሁለት ቀን ይጠቅማል፤ ቶሎ እንደሚያድን ግን ጠንካራ ማስረጃ የለም። ፍጹም መተኛትም አይመከርም። ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ሕመሙ በሚፈቅደው ልክ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ቀስ በቀስ መርገጥ፣ ከዚያም በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መለማመድ ጅማቱን ያጠነክረዋል፤ ድጋሚ ወለምታንም ይከላከላል።

ይህ የሐሳብ ለውጥ አንዳንዶቻችንን “ታዲያ ሐኪሞችስ ምን ያውቃሉ?” ያሰኘናል። በኡሑድ ዕለት የሆነውን እናስታውስ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፊታቸው ቆስሎ፣ ጥርሳቸው ተሰብሮ ሳለ ዐሊይ (ረ.ዐ) በጋሻው ውሃ እያፈሰሰ ፋጢማ (ረ.ዐ) ደሙን ታጥብ ነበር። ውሃው ደሙን ከማብዛት በቀር እንዳልረዳ ስታይ ማጠቡን ትታ የሰሌን ምንጣፍ ቁራጭ አቃጥላ አመዱን ቁስሉ ላይ አደረገች፤ ደሙም ቆመ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ከዚህ የምንወስደው አመዱን አይደለም፤ ዛሬ ንጹህ ጎዝና የእጅ ግፊት አለን። የምንወስደው አስተያየቷን ነው። ያልሠራውን አይታ ለየች፣ ወዲያውም ወደሚሠራው ተሻገረች። ሐሳብን በማስረጃ መቀየር ውርደት አይደለም።

ወጌሻው፦ ከፍቅርም ከንቀትም ውጪ

ስለ ወጌሻ ስንናገር ሁለት ጫፍ እናያለን። አንዱ “ኋላ ቀር ነው” ብሎ ይንቃል። ሌላው “ሐኪም ቤት ከሄድክ እግርህን ይቆርጡታል” ብሎ ያስፈራራል። ሁለቱም አይጠቅሙንም።

ወጌሻ በገጠራችን ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቋንቋችንን ያውቃል፣ ቤት ድረስ ይመጣል። የወለቀ ትከሻ በጥበብ የሚመልሱ አሉ። የእግር ኳስ ቡድኖቻችን ባለሙያ እስከ ዛሬ “ወጌሻ” መባሉም ለስሙ ያለንን ክብር ያሳያል።

አደጋው ያለው በሁለት ሥራዎች ላይ ነው፦ ያልታወቀ ስብራትን ማሸትና አጥብቆ ማሰር። ያበጠ እግር በቀጣዩ ቀን የበለጠ ያብጣል። በቀርከሃ ስንጥርና በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ የሚሰፋበት ቦታ የለም። ግፊቱ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ መጀመሪያ ደም መላሾቹን፣ ቀጥሎ ደም ቅዳዎቹን ይዘጋል። ጡንቻ ደም ሳያገኝ ከ6 ሰዓት ገደማ በላይ ከቆየ መሞት ይጀምራል። ከዚያ እግሩ ይጠቁራል፣ ይሸታል፤ ሐኪም ቤት ሲደርስ የሚቀረው መቁረጥ ይሆናል። “ሐኪም ቤት ከሄድክ ይቆርጡሃል” የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አሁን ይገባናል። የተቆረጠው ዘግይቶ በመሄዱ ነው፤ ወሬው ደግሞ ቀጣዩን ሰው ያዘገየዋል።

በሀገራችን ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች የወጌሻ እስር በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ ለእግርና ለእጅ መቆረጥ አንዱ ዋና ምክንያት መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። ግን ተስፋ ሰጪ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ በሚታተም የአጥንትና መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ከኢትዮጵያ የተላከ ዘገባ፣ ለወጌሾች አጭር ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በዚሁ ምክንያት የሚቆረጡ ሰዎች ቁጥር መቀነሱን አስረድቷል። ማለትም ወጌሻውን ማስተማር ይቻላል፤ ይሰማልም።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሕክምና ሳይታወቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስተምረዋል፤ አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብን ማጃህ ዘግበውታል። ይህ ለወጌሻው ብቻ አይደለም። ዶርም ውስጥ “ና ልሽህ” ለምንል ለእኛም ነው።

ስለዚህ አባቶቻችን ወጌሻ ሲጠሩ ተነስተን አንጨቃጨቅም። አባትን ማክበር ዲናችን ነው። በአደብ እንዲህ ማለት እንችላለን፦ “አባቴ፣ መጀመሪያ ራጅ ይነሳና ስብራት አለመኖሩን እንወቅ፤ ከዚያ እርስዎ እንዳሉት እናደርጋለን።” ከአገና ወደ አጣጥ ሆስፒታልም ሆነ ወደ ወልቂጤ መሄድ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። እግር ግን የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው።

ራጅ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ ኦታዋ ከተማ ሐኪሞች ቀላል መመዘኛ አወጡ፤ ዛሬ በብዙ ሀገር ይሠራበታል። ከቁርጭምጭሚት ጉዳት በኋላ ከሚከተሉት አንዱ ካለ ራጅ ያስፈልጋል፦

• ልክ እንደተጎዳም ሆነ በምርመራው ጊዜ 4 እርምጃ መራመድ ካልቻለ፤ ማነከስ መራመድ ነው።
• በውስጥም ሆነ በውጭ በኩል ያለውን የቁርጭምጭሚት አጥንት ጉብታ ጫፉንና የኋላ ጠርዙን ስንጫን አጥንቱ ላይ ካመመው።
• በእግሩ የውጭ ጠርዝ መሃል ላይ የሚሰማውን የአጥንት ጉብታ፣ ወይም በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት ያለውን አጥንት ስንጫን ካመመው።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ስብራት የመኖሩ ዕድል በጣም ትንሽ ነው።

ራጅ ሳይባል ወዲያውኑ፣ በሌሊትም ቢሆን የሚኬድባቸው ምልክቶች ደግሞ አሉ። እግሩ ቅርጹ ከተጣመመ፣ አጥንት ቆዳ ከቀደደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከገረጡ፣ ሕመሙ ከታሰረ በኋላ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹን ስናንቀሳቅስለት ከጮኸ፣ ትኩሳት ከመጣ አንጠብቅም። ማንኛውም እስር ካለ፣ ፋሻም ሆነ ጀሶ፣ የእግር ጣቱን ጥፍር ተጭነን እንልቀቅ። ነጭ የሆነው በ2 ሰከንድ ገደማ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ፋሻው ወይም የወጌሻው እስር ወዲያው ይፈታ፤ ጀሶ ከሆነ ወደ ሐኪም ይሮጥ። ፋርማሲ ላይ “ኢላስቲክ ባንዴጅ” የሚባለውን ፋሻ ስንጠቀምም ከጣት በኩል ጀምረን ወደ ላይ እየላላ እንጠቅልል፤ ስንተኛ እናላላው።

ሒጃማ፣ ጥቁር አዝሙድና ቅባት

ሒጃማ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተጠቀሙበትና ያመሰገኑት ሕክምና ነው። በኢሕራም ላይ ሳሉ ለራስ ሕመም ራሳቸው ላይ መደረጋቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። በአማርኛችንም “ዋግምት” ተብሎ ከጥንት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ትከሻው ላይ ክብ ክብ ምልክት ይዞ ሲታይ ዓለም ስለ ዋግምት እንደ አዲስ አወራ። ለቆየ የአንገትና የወገብ ሕመም ለአጭር ጊዜ እፎይታ እንደሚሰጥ የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ፤ ጥራታቸው ግን አልጠነከረም።

አዲስ ወለምታና ስብራት ላይ ሒጃማ ማድረግ ግን ሱናውን ያለ ቦታው ማዋል ነው። ያበጠ ቦታ ተጨማሪ መምጠጥና ቁርጥ አያስፈልገውም፤ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። በሒጃማ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያሰጋን ምላጩ ነው። ሄፓታይተስ ቢና ኤች አይ ቪ በደም ይተላለፋሉ። ስለዚህ አዲስ ምላጭ በፊታችን ይከፈት፣ ጓንት ይደረግ፣ ዋንጫው ለአንድ ሰው ብቻ ይሁን። ደም ማነስ ያለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ አይታገም። ጾም ላይ ሳሉ መታገምን በተመለከተ አብዛኞቹ ዑለማእ አያስፈታም ሲሉ፣ የሐንበሊ መዝሀብ ያስፈታል ይላል፤ ከመግሪብ በኋላ ማድረግ ከልዩነቱ ያወጣል።

የጥቁር አዝሙድ ዘይት በጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ላይ ሲቀባ ሕመም መቀነሱን ያሳዩ አነስተኛ ጥናቶች አሉ። ቆዳ ካላስቆጣ በቀስታ መቀባቱ አይጎዳም፤ ማሸቱ ግን ይጎዳል።

ሜንቶል ያለበት ቅባት ደግሞ ደስ የሚል ምስጢር አለው። ቆዳውን ትርጉም ባለው ልክ አያቀዘቅዝም፤ ቅዝቃዜን የሚለይ የነርቭ በር ከፍቶ አእምሮን “ቀዘቀዘ” ያሰኘዋል። የሚጥሚጣ ቃር በተቃራኒው ሙቀትን የሚለየውን በር ይከፍታል። እነዚህን በሮች በማግኘታቸው ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ የፓታፑቲያን ሽልማት የንክኪን በርም ያካተተ ነው። ቅባቱ ሕመሙን ያዘናጋል፤ ጅማቱን አይጠግንም። ዲክሎፌናክ ያለበት ጄል ግን ራሱ ፀረ ብግነት ስለሆነ ለወለምታ ጥሩ ማስረጃ አለው፤ ጨጓራንም ከክኒኑ ያነሰ ይነካል።

ክኒን ለሚያስፈልገው ፓራሲታሞል የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ፍሬ አይበልጥም። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ በባዶ ሆድ አይወሰዱም፤ ጨጓራ ላለበት ሰው አደጋ አላቸው። ረመዳን ላይ ሱሁር ሳይበላ እነሱን ውጦ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ መዋል ጨጓራንም ኩላሊትንም ይጎዳል። በረዶና ቅባት ግን ጾም አያስፈቱም።

ስለ ምግብም አንድ ቃል። ቤተሰቦቻችን ለተሰበረ ሰው ቡላ ያዘጋጃሉ፤ በጉራጌ ለአጥንት ተብሎ ተለይቶ የሚፈለግ የእንሰት ዓይነትም አለ። ቡላ ጉልበት ይሰጣል፤ ግን አብዛኛው ስታርች ነው፣ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። ጅማትና አጥንት የሚጠገነው በፕሮቲን ስለሆነ አይብ፣ ወተት፣ እንቁላል ወይም ባቄላ አብሮት ይቅረብ። የእናቶቻችን ቡላ በወተት ትክክለኛ ቅንብር ነው።

ሶላትና ውዱእ በታሰረ እግር

አንዳንዶቻችን እግራችን አብጦ ሳለ ሕመሙን ዋጥ አድርገን ቆመን እንሰግዳለን፤ ሌሎቻችን ፋሻውን በየውዱኡ እየፈታን እንታጠባለን። ሸሪዓው ከዚህ የቀለለ ነው። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ይሰግዳል። ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) በተሸሁድ እግራቸውን አጣምረው ሲቀመጡ ልጃቸው አይቶ እንደሳቸው ተቀመጠ። እሳቸውም ሱናው ቀኝ እግርን ተክሎ ግራውን ማጠፍ መሆኑን ነግረውት፣ እኔ እግሮቼ ስለማይችሉኝ ነው አሉት። ቡኻሪ ዘግበውታል። በፋሻና በጀሶ ላይም ውሃውን ማበስ ይቻላል፤ ዝርዝሩ በየመዝሀቡ ስለሚለያይ ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ።

መጠየቁ ራሱ ሕይወት ያድናል። በጉዞ ላይ ራሱን ድንጋይ የፈነከተው አንድ ሶሓባ ጀናባ ሲሆን ጓደኞቹ “ፈቃድ የለህም፣ ታጠብ” አሉት፤ ታጥቦ ሞተ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ፤ ገደሉት ብለው ወቀሷቸው፣ ያለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም ተናገሩ። አቡ ዳውድ ዘግበውታል።

ለእህቶቻችን ደግሞ፦ እግር ለወንድ ሐኪም ማሳየት ስለሚያሳፍር ሕክምናውን ማዘግየት አይገባም። ሴት ባለሙያ ካለች እሷ ትቅደም፤ ከሌለች በችግር ጊዜ አስፈላጊው ቦታ ብቻ ይገለጣል። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ) ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ዘምተው ቁስለኞችን ያክሙ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። ሕክምና የምትማሩ እህቶች፣ ይህ የእናንተ ቦታ ነው።

ምን እናድርግ?

ሁለት ቀላል ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በየዶርሙ ብሎክ አንድ ኢላስቲክ ባንዴጅና ጥቂት ጎዝ በጋራ እንግዛ፤ ለምሳ ከምናወጣው የሚበልጥ ወጪ አይደለም። ሁለተኛ፣ ለዓረፋ ወደ አገና፣ ወደ ቡታጅራም ሆነ ወደ ሌላ ቦታ የምትሄዱ ሁሉ ሁለት ነገር ብቻ ለቤተሰብና ለሰፈሩ ወጌሻ አስተምሩ፦ 4 እርምጃ መራመድ ያልቻለ ሰው ሳይታሽ ራጅ ይነሳ፤ የታሰረ እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ እስሩ በዚያው ሰዓት ይፈታ። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የሰማ አንድ ወጌሻ የአንድ ልጅ እግር ሊያተርፍ ይችላል።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን፤ ለጤነኞቻችን ጤናችንን በመልካም የምናውልበት ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።